ዳማዋ ባዝራና ዐሥራ አንዱ በቅሎዎች

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ዝናቡ ገና ከኋላቸው ካለው ተራራ ላይ ነበር። ከፊት ዳማዋ ባዝራ ትሄዳለች፤ አንገቷ ላይ የታሰረው ቃጭል በተራመደች ቁጥር ይንቃጨላል። ልጓሟን የያዘችው ሴት ወደ ኋላ አታይም። ከባዝራዋ ቀጥሎ ዐሥራ አንድ በቅሎ ጨው እንደ ተጫነ አንዱ የሌላውን ጭራ እየተከተለ ይወርዳል። ከሁሉም ኋላ ሰውየው አለንጋውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይመጣል። ብዙ አይመታም። ያፏጫል።

መሐል ላይ ጫኙ ይሄዳል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። መንገደኛው ሁሉ ድልድይ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የኬላው ግቢ ጠባቂ ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ ከፊት ያለችው ሴትና ከኋላ ያለው ሰው መነጋገር ካቆሙ ወዲህ ቃል ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚሻገር ነው።

«ድልድይ!» አለ ሰውየው ከኋላ። «ታቁም በላት። የግራጫው ጭነት ተንጋዷል።»

ጫኙ ድንጋዩን እየዘለለ ከፊት ደረሰ።

«እትዬ፣ እባክሽ ትንሽ አቁሚ ይላል። የግራጫው ጭነት ተንጋዷል።»

«እባክሽ አላለም።»

«አላለም።»

«ታዲያ ምን ያስቀጥፍሃል?» አለችና ባዝራዋን አቆመች። «በለው፣ ጠዋት ሲጫን ያንን ጎን የያዘው ማን ነበር? ዓይኑን የት ጥሎት ነበር?»

ጫኙ ወደ ኋላ ተመልሶ ወጣ።

«እሺ ብላለች» አለ።

«ይህን ሁሉ አውርታ እሺ ብቻ?»

«ነገሩ እሱ ነው።»

ሰውየው ትከሻውን ከጭነቱ ሥር አግብቶ ገፋ፤ ጫኙ በዚያኛው በኩል ገመዱን ሳበ። ጭነቱ ሲስተካከል ሰውየው አፏጨ፤ ከፊት ቃጭሉ ተሰማ፤ መስመሩም ተንቀሳቀሰ።

በመንገዱ ላይ ሰውየው ነጂው ይባላል፤ ሴትዮዋ ባለቃጭሏ። ሲገናኙ እያንዳንዳቸው አንዳንድ በቅሎ ነበራቸው። ወንዝ ሞልቶ አንድ ማደሪያ ቤት አገዳቸው፤ ወንዙ ሲጎድል አብረው ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ባዝራዋን ከተበተነ ጦር ወታደር ላይ ግማሽ ግማሽ አዋጥተው ገዙ። በቅሎዎቹ አንድ አንድ እያሉ መጡ። ከተማው ዳር ጭነት የሚያሳድሩባት ባለሁለት ክፍል ቤትም ገዙ። አልተጋቡም። ለመጋባት አንድ ቦታ መክረም ያስፈልግ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ከርመው አያውቁም።

ለምን እንደ ተለያዩ ጫኙ አያውቅም። የጠባቸውን ቀን ቢጠይቁት አይናገርም፤ ጠብ አላየምና። አንድ ማታ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ገባ። ሌላው ከጭነቱ ሥር ተኛ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ።

መጀመሪያ ከተማ ገብተው ዳኛ ፊት ቆሙ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩአቸው።

«ፍቺ የምፈርደው ለተጋባ ነው። እናንተ ምንድን ናችሁ?»

«መንገደኞች ነን፣ ክቡር ዳኛ» አለ ነጂው።

ዳኛው ሳቁ፤ ጸሐፊውም ተከትሎ ሳቀ። ባለቃጭሏ አልሳቀችም። ዳኛው ወደ ኬላው ሹም ላኳቸው፤ የንግድ ሸሪኮችን ነገር የሚያየው ሹሙ ነው ብለው። ሹሙ በዚያ ሰሞን የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ ነው በሚል ወሬ እንቅልፍ ያጡ ሰው ነበሩ።

«ሐዲዱ ሲመጣ እናንተም እኔም ሥራ ፈት ነን» አሉ። «እስከዚያ ግን በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ኩርፈኛ አልፈልግም። ታችኛው፣ የወደቡ መንገድ፣ የእሱ ይሁን። ላይኛው፣ የማዕድን ጉድጓዱ መንገድ፣ የእሷ። መንገድ ይዞ በዚህ በጋ ያልሠራበት፣ ለሌላ እሰጥበታለሁ። የቀረውን ንብረት፣ የጀመራችሁትን ጨው ስታደርሱ፣ ሃምሳ አለቃዬ ያካፍላችኋል።»

የሚወርዱት ያንን ጨው ይዘው ነው።

ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ቆመው ነበር። አርጅተዋል። የለበሱት የፈረሰውን ጦር ካፖርት ነው፤ አዝራሮቹ የናስ ሆነው አንዱ ብቻ የቀንድ ነው። ከበላያቸው አዲሱ የቴሌግራፍ ሽቦ ግቢውን አቋርጦ ያልፋል። ነፋስ ሲነካው ይጮኻል፤ በቅሎዎቹ ገና ስላልለመዱት በሥሩ ሲያልፉ ጆሯቸውን ይጥላሉ።

«ኧረ ድልድይ! ዛሬም አልተሰበርክ?»

«ገና ነኝ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«በርታ። ነገ ታርፋለህ።»

ጨዉን አራግፈው ለመጋዘኑ አስረከቡ። ዝናቡ ዞር ብሎ በሌላ በኩል አለፈ። ግቢው ውስጥ ሸራ አንጥፈው የመንገዱን ዕቃ ሁሉ አወጡ፤ ድንኳን፣ ፋኖስ፣ ድስት፣ የመዳብ ማንቆርቆሪያ፣ መጥረቢያ፣ የኮርቻ መስፊያ ወስፌ፣ አሮጌ ጠመንጃ፣ ነጂው የሚላጭበት መስታወት። ሸራው ላይ ሲዘረጋ ትንሽ ነበር። ሃምሳ አለቃው በርጩማቸውን አምጥተው ተቀመጡ።

«እንጀምር። ማንቆርቆሪያዋ የማን ናት?»

«የእሱ ናት» አለች ባለቃጭሏ።

«የእሷ ናት» አለ ነጂው።

ሃምሳ አለቃው አንዱን አዩ፤ ሌላውን አዩ።

«እንዲህ ያለ ሙግት ጦር ሜዳም አላየሁ። እንግዲያው ለእኔ ትሁን?»

ሃምሳ አለቃው በእግራቸው ጫፍ ሳብ አድርገው በርጩማው ሥር አስገቧት።

«ጠመንጃው ይተኩሳል?»

«አንዳንዴ» አለ ነጂው።

«መትቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እሷ ትያዘው። ላይኛው መንገድ ሰው የለበትም፤ ማስፈራሪያ ይሆናታል። መስታወቱስ?»

«እሱ ይውሰደው በላቸው» አለች ባለቃጭሏ ለጫኙ። «ፊቱን የሚወደው እሱ ነው።»

«በላት፣ እሷም ትወደው ነበር።»

ጫኙ ይህን አላሻገረም። ማሻገርም አላስፈለገም፤ በመካከላቸው የነበረው አንድ ክንድ ነው። ባለቃጭሏ ድስቱን አንስታ ታችውን አየች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

ድንኳኑ ለነጂው ሆነ፤ ፋኖሱ ለእሷ። ድስቱ ለእሷ፤ መጥረቢያው ለእሱ። የአንዱን ስም ሲጠሩ ሌላው «ይሁን» ይላል። ሃምሳ አለቃው ይህን ያህል መግባባት አስቸገራቸው። ጠብ ቢሆን ቆጣ ብለው ይጨርሱት ነበር፤ ይኼ ግን እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ አይነድም፤ አይጠፋም።

«አሁን ከብቶቹና ቤቱ» አሉ። «እነዚህን እኔ አልነካም። ለሸሪኮች የሚሠራበት አለ፤ አንዱ ሁሉንም በሁለት ይከፍላል፣ ሌላው የፈለገውን ግማሽ ያነሳል። ካነሳ በኋላ ማጉረምረም የለም። ተስማምታችኋል?»

«ይሁን» አለ ነጂው፤ «ይሁን» አለች ባለቃጭሏ።

ሃምሳ አለቃው ሁለት ስንጥር በጡጫቸው ያዙ። ረጅሙን ነጂው ሳበ። ከፋዩ እሱ ሆነ።

ነጂው ተነስቶ ወደ በቅሎዎቹ ሄደ። በመካከላቸው እየዞረ የአንዱን ጀርባ፣ የሌላውን ኮቴ አየ። ጫኙ ከሩቅ ያየው ነበር። ነጂው ይህን ሁሉ ዘመን ከኋላ ሆኖ ያየው ነገር አንድ ነው፤ እሱ ሲያፏጭ የበቅሎዎቹ ዳሌ ከፊቱ ይንቀሳቀሳል። ዝም ሲል ይቆማል። እሷ ደግሞ ከፊት ሆና አንድም ቀን ዳሌያቸውን አላየችም፤ ትንፋሻቸውን ግን ጀርባዋ ላይ ትሰማለች። ባዝራዋን ስታነሳ ይነሳሉ። ስታቆም ይቆማሉ። እሱ እነዳለሁ ይላል፤ እሷ እመራለሁ ትላለች። አንዱ ቀርቶ በሌላው ብቻ ተሞክሮ አያውቅም። ጫኙም መሐል ሆኖ ሲሄድ ይህን ጉዳይ አስቦበት ያውቃል። መልሱን አያውቅም።

ነጂው ተመለሰ።

«ባንድ በኩል ዐሥራ አንዱም በቅሎ፣ ከነኮርቻቸውና ከነመጫኛቸው።»

«በሌላው በኩልስ?» አሉ ሃምሳ አለቃው።

«ቤቱ። ባዝራዋም ከቤቱ ጋር።»

«ሚዛኑ ትክክል ነው ትላለህ?»

«ለእኔ ትክክል ነው።»

ጫኙ ፊቱን አየው። ብልጠት ይሁን ርኅራኄ መለየት አልቻለም። የባለቃጭሏ ጉልበት ካለፈው ክረምት ጀምሮ ያማታል፤ ቁልቁለት ስትወርድ ልጓሙን የምትይዘው ልትደገፍበት ነው። ሰውየው ይህን ከኋላም ሆኖ አይቶታል ማለት ነው። በቅሎዎቹን መፈለጉም ግልጽ ነው።

ባለቃጭሏ ወደ ጫኙ አልዞረችም። ቀጥ ብላ ነጂውን አየችው።

«ባዝራዋን ለምን ከቤቱ ጋር አደረግካት?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በቀጥታ የጠየቀችው። ሃምሳ አለቃው ጢማቸውን መነካካት አቆሙ።

«አርጅታለች» አለ ነጂው። «ጭነት አትችልም። ቤት ትዋል።»

«አርጅታለች።»

«አላረጀችም ወይ?»

ባለቃጭሏ ወደ በቅሎዎቹ አየች። በቅሎዎቹን ብታነሳ ነገውኑ ላይኛው መንገድ ላይ ሥራ ትጀምራለች። ቤቱን ብታነሳ ማደሪያ አላት፤ መንገዱ ግን ያለ ከብት ከእጇ ይወጣል። ይህን ሃምሳ አለቃውም ያውቃሉ። ሁሉም ጠበቃት።

«ቤቱንና ባዝራዋን» አለች።

«አስበሽበት ነው?» አሉ ሃምሳ አለቃው። «መንገዱስ?»

«አስቤበታለሁ።»

የነጂው ፊት መጀመሪያ በራ። ወዲያው ደግሞ አንድ ዕቃ ረስቶ መንገድ የጀመረ ሰው መሰለ።

«ተፈጸመ» አሉ ሃምሳ አለቃው ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሱ። «ይህ ጫኝስ?»

«ከእኔ ጋር ነው» አሉ ሁለቱም ባንድ ጊዜ።

ከዚያ ሁለቱም አፈሩ። ይህን ያህል ጊዜ ሲኮራረፉ ባንድ አፍ ሲናገሩ የተሰማው ይኼ ብቻ ነው።

«እኔ ዕቃ አይደለሁም» አለ ጫኙ።

«ዕቃ ብትሆን ይቀለን ነበር» አሉ ሃምሳ አለቃው። «ከመሐል በመጥረቢያ ነበር። ከማን ጋር ትሄዳለህ?»

«ጠዋት እነግራችኋለሁ።»

ዝናቡ ዞሮ መጣና ሲዘንብ አደረ።

ጠዋት ግቢው ጭቃ ሆኖ ነበር። ከበሩ ወጣ እንዳሉ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ አንዱ በድንጋያማው ጎን ሽቅብ ይወጣል። ከተማው ዳር ያለው ቤታቸውም ከላይኛው መንገድ ወገን ነው። ባለቃጭሏ ፋኖሷንና ድስቷን ባዝራዋ ላይ አሰረች፤ ጠመንጃውን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ጫኙ ነጂው በቅሎዎቹ ላይ ኮርቻ ሲጭን አግዞት ነበር። የማንን መንገድ እንደሚይዝ እስካሁን አልተናገረም። ሁለቱም አልጠየቁትም።

ባለቃጭሏ ቀድማ ወጣች። ለሃምሳ አለቃው እጅ ነሳች፤ ነጂው ወደ ቆመበት ግን አላየችም። ቃጭሉ ተሰማና ባዝራዋ ሽቅቡን ጀመረች።

ግራጫው በቅሎ ራሱን ቀና አደረገ። ከዚያ ያለ ማንም ትእዛዝ ከበሩ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ነጂው መጀመሪያ ሳቀ፤ ሮጦ ከፊታቸው ቆመና እጁን ዘረጋ። በሁለቱም ጎኑ አለፉ። አፏጨ። አልሰሙትም። አለንጋውን አወጣ፤ እንዲያ ሲመታ ጫኙ አይቶት አያውቅም። አንዷ በቅሎ ዘልላ ጭቃው ውስጥ ጣለችው። ሲነሳ ዐሥራ አንዱም ሽቅቡን ይዘው ነበር።

«ምን አድርገሻቸው ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ምንም» አለች ባለቃጭሏ ከላይ።

«ቃጭሉን አውልቂ!»

አወለቀችው። አፉን በሻሿ ጠቅልላ ድስቱ ውስጥ ከተተችው። በቅሎዎቹ ግን መጥተው ባዝራዋን ከበቡ፤ አንዱ አፍንጫውን ጎኗ ላይ አሳረፈ።

«አውቀሽ ነው የመረጥሽው!»

«አላውቅም ነበር» አለች። ድምጿን አልጨመረችም። «አስቤው ግን ነበር።»

ሃምሳ አለቃው ካፖርታቸውን ሰብስበው ቀስ እያሉ ወጡ። ጫኙም ተከትሏቸው ነበር። አጠገቧ ሲደርሱ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ስሚኝ ልጄ። እኔ ከብት አስሬ አልይዝም። በገዛ እግሩ ከሄደ ሄደ ነው። ሹሙ ቢጠይቁኝ እንዲሁ እላለሁ። መንገድሽን ቀጥዪ።»

«የእሱ ናቸው እኮ።»

«የእሱ ከሆኑ ይዞ ይሂዳ! ማን ከለከለው? ሂጂ።»

ጫኙ በልቡ አሰላው። በቅሎዎቹ እዚህ ናቸው። ላይኛው መንገድ ከፊታቸው ነው። እሷ አንድ እርምጃ ብትራመድ ሥራ አለ፤ ለእሱም እንጀራ አለ፤ መምረጥም አያስፈልገውም።

ባለቃጭሏ አልተራመደችም። ቁልቁል ታይ ነበር። ነጂው ከሥር እየመጣ ነው። ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው፤ ባርኔጣው ወድቋል። ቁጣው ሽቅቡ ላይ አልቆበት ነበር። አለንጋውን መልሶ ብብቱ ሥር ሸጉጦታል። በቅሎዎቹ አጠገብ ሲደርስ ኋላ የቀረችውን አንዷን በእጁ ገፋ አደረጋትና፣ ሳያስበው፣ ልማድ ሆኖበት አፏጨ። የተበተኑት ተሰበሰቡ። ባዝራዋ ከፊት፣ በቅሎዎቹ ከኋላዋ፣ እሱ ከሁሉም ኋላ።

«አየኸው?» አለች ባለቃጭሏ ለጫኙ።

«ምኑን?»

«በቅሎዎቹ ከመጡ እሱም ይመጣል።»

«ንብረቱ አይደሉ፣ ምን ያድርግ?»

«እሱን ነው የምልህ። ዛሬ ሊመልሳቸው ይመጣል። ነገም ይመጣል። ከዚያ እዚያው ይቀራል። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ አንተ መሐል።» የታመመ ጉልበቷን በእጇ ያዘች። «ደክሞኛል። በቅሎ ብቻ ቢሆን እወስድ ነበር።»

ባዝራዋን አዞረቻት። በቅሎዎቹም ዞሩ። በነጂው አጠገብ ስታልፍ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ከብቱ ሁሉ ተከትሏት ወደ ኬላው ግቢ ተመልሶ ገባ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ክፍልዎ በደንብ ይዘጋል?»

«የእኔ ክፍል?» አሉ ሃምሳ አለቃው። «ምን ሊሆን?»

«ባዝራዋ እዚያ ትግባ። እስኪርቁ ድረስ አያዩዋት፣ ድምጿንም አይስሙ።»

«አልጋዬ ያለበት ነው እኮ!»

«ጠርጌ አስረክብዎታለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ወደ ሰማይ አዩ። በነጻ የወሰዷት ማንቆርቆሪያ ትዝ ሳትላቸው አልቀረችም። በሩን ከፈቱ።

የሃምሳ አለቃው ክፍል ጠባብ ነው። የብረት አልጋ አለች፣ ሰገባ የሌለው ጎራዴ ግድግዳ ላይ አለ፣ ከጎራዴው በላይ ባዶ ፍሬም ተሰቅሏል፤ የድሮው ንጉሥ ሥዕል ወርዶ የአዲሱ ገና ከዋናው ከተማ አልደረሰም። ባዝራዋ መግባት እምቢ አለች። ባለቃጭሏ ልጓሟን ሳበች፤ ጫኙ ከኋላ ገፋ። ስትገባ ዳሌዋ በርጩማውን ገለበጠ። ሃምሳ አለቃው ከውጭ በሩን ዘጉ።

ወዲያው በቅሎዎቹ ማሽካካት ጀመሩ። ባዝራዋ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ራሷን ቀና አድርጋ ልትመልስላቸው አፏን ከፈተች። ባለቃጭሏ ሹራቧን አውልቃ ዓይኗን ሸፈነቻት፤ አንገቷን አቀፈቻት። ጫኙ አፍንጫዋን በሁለት እጁ ያዘ። ትንፋሿ መዳፉን አቃጠለው። ሁለት ሰው ባይሆኑ አይችሏትም ነበር።

በእንጨቱ ስንጥቅ ድምፅ ይገባል። ኮቴ በጭቃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ። አለንጋ። የሃምሳ አለቃው «ኧረ በዚያ በኩል! ኧረ በሬን!» ከዚያ የነጂው ድምፅ መጣ፤ ቅርብ ነበር።

«ድልድይ! ና እንጂ፣ ልንሄድ ነው!»

ጫኙ አፉን ከፈተ። ባዝራዋ ከእጁ ሥር ነቅነቅ አለች። መልሶ ጥብቅ አድርጎ ያዛት።

«ከፈለግክ ሂድ» አለች ባለቃጭሏ በሹክሹክታ። «ብቻዬን እይዛታለሁ።»

ውሸት ነበር። ውሸት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ድልድይ! የት ገባህ?»

ጫኙ ድንኳኑን አሰበ። ነጂው ብቻውን ካስማ ሲተክል፣ ከዚህኛው ጎን ወደዚያኛው ሲሮጥ። መጥፎ ሰው አልነበረም። መጥፎ ሰው ቢሆን ቀላል ነበር።

ከዚያ ነጂው እንደገና ጠራ። በዚህ ጊዜ ድልድይ አላለም። እናቱ ያወጣችለትን ስም ጠራው። ድምፁን ሳያነሳ፣ ጎኑ ያለ ሰው እንደሚጣራ አድርጎ።

ጫኙ ግንባሩን ባዝራዋ ጉንጭ ላይ አስደገፈ። አልመለሰም።

ባለቃጭሏ አላየችውም። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አድርጋ ነበር። ከውጭ ፉጨት ተሰማ፤ ረጅም፣ መጨረሻው ወደ ላይ የሚል። ምንም አልተንቀሳቀሰም። ፉጨቱ ተደገመ። አንድ ኮቴ ተሰማ፤ ቆመ። ሌላ በቅሎ አሽካካ። ፉጨቱ አላቋረጠም፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ማንኛውም ጠዋት ነበር። ከዚያ ኮቴዎች፣ ብዙ ኮቴዎች፣ በግቢው በር ወጡና ቁልቁሉን ያዙ። ሲርቁ ጭቃው ይሰማ ነበር፤ በኋላ ድንጋዩ፤ በኋላም የቴሌግራፉ ሽቦ ብቻ።

«ሄዱለት» አለች ባለቃጭሏ።

ጫኙ እጁን ከባዝራዋ አፍንጫ ላይ አነሳ። መዳፉ ርሶ ነበር።

«ቆመው የሚቀሩ መስሎኝ ነበር» አለች። «እኔ ከፊት ከሌለሁ ቆመው የሚቀሩ መስሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን።»

«ይነዳቸዋል» አለ ጫኙ።

«ለካ ይነዳቸዋል።»

ባለቃጭሏ የሃምሳ አለቃው አልጋ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋ ጭቃ ነበር፤ አላየችውም። ባዝራዋ ባዶ ፍሬሙን አሸተተች፤ ከዚያም ጭራዋን አንስታ ወለሉን አበላሸች።

በሩ ተከፈተ። ሃምሳ አለቃው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ወይ አበሳዬ! ሠላሳ ዓመት ጦር ውስጥ ስኖር ክፍሌ እንዲህ ሆኖ አያውቅም!»

«መጥረጊያ ይስጡኝ» አለች።

«ተዪው፤ ይኼ ይጠርገዋል።»

«ቃል ገብቻለሁ።»

ባዝራዋን ወደ ግቢ አወጣችና ከበሩ ፊት አሰረቻት። ጫኙ በአካፋ አነሳ፤ እሷ ውኃ እያፈሰሰች ጠረገች። በርጩማውን አቃናች። አልጋው ሥር ገባች፤ ጥጉን ጠረገች፤ የጠረገችውን መልሳ ጠረገች።

«በቃ፤ ጸድቷል» አሉ ሃምሳ አለቃው።

እሷ ትጠርግ ነበር።

«ልጄ፣ በቃ አልኩሽ። ባንድ ባዝራ ምን ልትሠሪ ነው? ይልቅ እሱን ንገሪኝ።»

«አንዱን ክፍል አከራይቼ ግልገል በቅሎ እገዛለሁ። ግልገል ባዝራ ይወዳል።»

«በጋው ሳያልፍ?»

«ካለፈም ያልፋል።» መጥረጊያውን ይዛ ቀና አለች። ወደ ጫኙ ዞረች። «ና አላልኩህም እኔ።»

«አላልሽኝም።»

«ደሞዝ የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ጫኙ መጥረጊያውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ ሰጠችው። ወጥታ ባዝራዋን ፈታች። ገመዱን በእጇ ላይ ጠቀለለች፤ ልትሄድ ነበር። ፀሐይ ወጥታ የበሩን ደፍ አድርቃው ነበር። ጉልበቷን ለማሳረፍ ያህል ደፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ጀርባዋን ለመቃኑ ሰጠች።

ሃምሳ አለቃው ገብተው በአልጋቸው ጋደም ለማለት ፈልገው ነበር። እግራቸውን አንስተው ሊሻገሯት ሲሉ አዩዋት። እንቅልፍ ወስዷታል። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። እግራቸውን መለሱ፤ በርጩማቸውን አስወጥተው ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ።

ጫኙ ባዝራዋ ብትራመድ ትጎትታታለች ብሎ ፈራ። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከእጇ ሊያወጣ ሞከረ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ሊፈታ ሞከረ። አልተፈቱም። ተወው።